ሚዛንና ምጣድ

ሠፈራችን ውስጥ አንድ አንጥረኛ አሉ። ሱቅ የላቸውም። ከሳሎናቸው በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል አለቻቸው፤ ፋብሪካቸው እሷ ናት። አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በጋዝ የሚሠራ ማቅለጫ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ መዶሻ፣ አንገቷ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፣ እንዲሁም መዳፍ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን። በቃ። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ "አንተ ጸሐፊ" ይሉኛል። አድናቆት ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቡና ልጠጣ ጎራ ብዬ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴትዮ መጡ። ከቦርሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ፈቱ። የእናታቸው የአንገት ሀብል ነው። ልጃቸው ልትዳር ስለሆነ ቀልጦ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ እንዲሆንላት ነው ያመጡት። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሚዛኗ ላይ አኖሩት። 11.62 ግራም አለች። ሴትየዋ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ፤ ቀደም ብለው ሌላ ቦታ አስመዝነውት ያንኑ ብሏቸው ኖሯል። ጋሼ በደብተራቸው ሊጽፉ እስክሪብቶ ሲያነሱ ግን ሚዛኗ ሐሳቧን ቀየረች። 11.57። ትንሽ ቆይታ 11.49። ቀጥላ 11.66። ሀብሉን የነካው የለም። መስኮቱ ዝግ ነው። ጠረጴዛውን የገፋው የለም።

ሴትየዋ ቀና ብለው ጋሼን አዩዋቸው። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያ አስተያየት ግን ከቃል ይከብዳል። ወርቅ ነዋ! የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ማለት በዛሬ ገበያ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን አስቤዛ ነው።

ጋሼ ምንም ሳይሉ ተነሡ። ከቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ የጠገበች የእንጨት ሣጥን አወረዱ። ከውስጧ የአባታቸውን ሚዛን አወጡ፤ ሁለት የናስ ሳህን፣ አንድ ቀጭን ዘንግ፣ መሐል ላይ አንዲት ምላስ የምትመስል መርፌ። ሀብሉን በአንዱ ሳህን፣ ትናንሽ የናስ ክብደቶችን በሌላው እየጨማመሩ አስተካከሉ። መርፌዋ ወዲያ ወዲህ ብላ መሐል ላይ ቆመች። 11 ግራም ከ6 አሥረኛ፣ ምናልባት ከዚያ በአንዲት ፀጉር ከፍ ያለ። ሴትየዋ ያን ጊዜ ተነፈሱ። ሀብሉን ትተው ሄዱ።

"ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?" አልኩ፤ ሚዛኗን ማለቴ ነው።

"እስቲ አዳምጥ" አሉኝ። አዳመጥኩ። ከመጋረጃው ማዶ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ "ጭሽሽ" ይላል። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ትታመምብኛለች። እኔ ደግሞ እርጅናዬ ነው፣ ዓይኔ ነው እል ነበር። ለካ ሐሙስ የእንጀራ ቀን ነው!"

እትዬን አስፈቅደን ሞከርነው። ምጣዱን አጠፋን፤ ባለ 5 ግራሟን ክብደት ሚዛኗ ላይ አስቀመጥን፤ 5.00 ብላ ዝም አለች። ምጣዱን አበራን፤ ትንሽ ቆይታ መዋለል ጀመረች። ሦስት ጊዜ አጠፋን፣ ሦስት ጊዜ አበራን። እትዬ በመጨረሻው ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እንጀራዬን ልታበላሹት ነው እንዴ! ሚዛን እንጀራ አይጋግርም!"

"እንጀራውን የሚያመጣው ግን እሱ ነው" አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ነገሩ ሲያስቅ ዋለ። ማታ ግን አላስተኛኝም። ሚዛን የሚያህል ነገር፣ ዳኛ የሚያህል ነገር፣ በምጣድ የሚታዘዘው ከመቼ ጀምሮ ነው?

* * *

የጥንቱ ሚዛን ከመሬት ስበት በቀር ጌታ አልነበረውም። ሁለት ሳህን፣ አንድ ዘንግ። ከባዱ ይወርዳል፣ ቀላሉ ይወጣል። ሻጩም ገዢውም በአንድ ዓይን ያዩታል። ያልተማረው ከተማረው እኩል ያነበዋል። ለዚህ ነው ሚዛን በየአገሩ የፍርድ ምልክት የሆነው። በእኛም አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተሣለው የበላዔ ሰብ ታሪክ ያለ ሚዛን አይነገርም። የበላቸው 78 ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ለተጠማ ድኻ የሰጣት ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን። ውሃዋ እንድትመዝን ያደረጋት የእመቤታችን ጥላ ነው ይላል ተራኪው። የሠዓሊውን ጥበብ ልብ በሉ፤ ጥላ እንኳን ሲያርፍበት ሁሉም ሰው ያያል። የተደበቀ ነገር የለም።

በገበያው ግን ነገሩ እንዲህ የጠራ አልነበረም። ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር፤ ወቄት ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ጠገራ ብር ክብደት ይታወቅ ነበር። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ ካረፈችም በኋላ 1780 የሚለውን ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ከመቶው 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የእኛ ሰው በቀላሉ የሚሸነገል አልነበረም። በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን እንቁዎች ሳይቀር እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። ቆጥሮ ያላመነውን አልቀበልም ይላል። አንጥረኛውም ጠገራውን አቅልጦ መስቀል፣ አምባርና የጆሮ ጌጥ ይሠራበታል። እንግዲህ ጠገራ ብር ገንዘብም፣ የሥራ ዕቃም፣ የሚዛን ድንጋይም ነበር ማለት ነው።

ከወቄት ከፍ ሲል ነጥር አለ፤ ከነጥር ከፍ ሲል ፈረሱላ። አንድ ነጥር ስንት ወቄት ነው ቢሉ መልሱ እንደየገበያው ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን መለኪያና ሚዛን ታሪክ ሲያጠኑ ብዙ ገጽ የፈጀባቸው ይኸው ነው፤ አንዱ ስም በየአገሩ ሌላ ክብደት አለው። ፈረሱላ በቡና ገበያ 17 ኪሎ ሆኖ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። ኪሎና ግራም በአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ እንዲሆኑ አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል የአንጥረኛው ኑሮ ቀላል አልነበረም። ባለ እጅ ይናቃል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ስም ይወጣላቸዋል፤ "ቡዳ" ይባላሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ከልክ ስላለፈ ነው። አዋጅ ምላስን ይይዝ ይሆናል፤ ዓይንን ግን አይይዝም። ወርቁን ወይም ብሩን ለአንጥረኛ ያስረከበ ሰው ልቡ አብሮ ይቀልጣል። ትንሽ ቀንሶብኝ ይሆን? መዳብ ቀላቅሎብኝ ይሆን? አንጥረኛው በዚህ ጥርጣሬ ፊት ያለው ጠበቃ አንድ ብቻ ነው፤ ሚዛኑ። የጋሼ አባት ሚዛናቸውን ከልጆቻቸው እኩል ይጠብቁት ነበር አሉ። አሁን ይገባኛል። የጠበቁት ናሱን አይደለም፤ ስማቸውን ነው።

* * *

ሚዛን ወደ ኤሌክትሪክ የገባው በአንድ ሌሊት አይደለም። ኬሚስቶችና መድኃኒት ቀማሚዎች የበለጠ ስስ ሚዛን ሲፈልጉ በመጀመሪያ ያደረጉት ዘንጉን ማሳጠር፣ ሚዛኑንም ትንፋሽ እንዳያናውጠው በመስተዋት ቤት መክተት ነው። በጀርመን ጎቲንገን ከተማ ዛርቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1870 ያወጣው ባለ አጭር ዘንግ ሚዛን በዚህ ይታወቃል። ከዚያ በስዊዘርላንድ ኤርሃርድ ሜትለር እ.ኤ.አ. በ1945 ባለ አንድ ሳህን ሚዛን ይዞ መጣ። ሁለተኛው ሳህን ከዓይን ተሠወረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ይኸው ኩባንያ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ረቂቅ ሚዛን ለገበያ አቀረበ። ያን ጊዜ መርፌዋም ጠፋች። የቀረው ቁጥር ብቻ ሆነ።

የጋሼ ሚዛን ዓይነቶቹ ርካሾቹ ደግሞ በሌላ ብልሃት ነው የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1938 ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ነገር አገኙ። ቀጭን ሽቦ ብረት ላይ ለጥፈህ ብረቱ ሲጎብጥ ሽቦው ይለጠጣል፤ ሽቦው ሲለጠጥ ኮረንቲ የማሳለፍ አቅሙ በጥቂቱ ይለወጣል። ያንን ለውጥ ከለካህ ብረቱን ያጎበጠውን ክብደት አወቅህ ማለት ነው። በሚዛኗ ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ሥራዋ ይኼ ነው። የሴትየዋን ሀብል ስንጭንባት በዓይን በማይታይ ልክ ታጎነብሳለች፤ ኮረንቲው ደግሞ ያንን ማጎንበስ ይናገራል።

ምን ያህል ነው የሚናገረው? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እንዲህ ያለ ሚዛን 200 ግራም ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ከዚያ ብረት የሚወጣው ምልክት ጥቂት የቮልት ሺኛዎች ብቻ ነው። ሚዛኗ የግራምን መቶኛ ለመለየት ያንን ጥቂት ነገር 20,000 ቦታ ትከፍለዋለች። ስለዚህ አንዷ ቁጥር ስትለወጥ የምናየው ከአንድ ሚሊዮንኛ ቮልት ያነሰ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ውስጥ ደግሞ 220 ቮልት አለ። ልዩነቱ ከ400 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። በነጎድጓድ መሐል ሹክሹክታ የምታዳምጥ ጆሮ ማለት እሷ ናት።

እውነቱን ለመናገር ሠሪዎቿ ሞኞች አይደሉም። ከሶኬቱ የሚመጣው ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢል እንዳይነካት በውስጧ ማስተካከያ አኑረውላታል። ያ ማስተካከያ ግን የሚሠራው በቂ ኮረንቲ ከላይ እስከመጣለት ድረስ ነው። ጣሪያው ከወለሉ በታች ከወረደ ምን ይዞ ያስተካክላል? የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር አካባቢ ነው። ያ ሁሉ ኮረንቲ ባረጀና በቀጠነ ሽቦ ሲያልፍ፣ በየመጋጠሚያው ሲታሽ፣ መንገድ ላይ 20 እና 30 ቮልት ይጥላል። በዚያው መስመር ላይ የተሰካው የሚዛኗ ቻርጀር 220 መጠበቁን ትቶ 190 ይቀበላል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ምጣዱ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ያበራል። ሚዛኗም አብራ ትወጣለች፣ አብራ ትወርዳለች። 11.62፣ 11.57፣ 11.49... የአሉሚኒየሟ ቁራጭ አልዋሸችም። ተርጓሚዋ ነው የተራበው።

* * *

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ለመሆኑ እኛ ኤሌክትሪክን በአማርኛ ምን ብለን ነው የምንጠራው? "መብራት"። መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ የመብራት ሒሳብ። ፍሪጁ ሲቆም "መብራት የለም" እንላለን። ወፍጮው ሲቆም "መብራት የለም" እንላለን። ይኼ ዝም ብሎ የቋንቋ ልማድ አይደለም፤ ታሪክ ነው።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው ብርሃን ሆኖ ነውና። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ያበራው ጄኔሬተር የመጣው ለአምፖል ነበር። ከዚያ በአቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙ ሲወጣ እንኳን "መብራት" የሚለው ቀደመ፤ "ኃይል" ከኋላ ተከተለ። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ከተሜው ብዙ ዕቃ መሰካት ጀመረ። የብዙ ቤቶች የሽቦ ዝርጋታ ግን ከአምፖል ዘመን አስተሳሰብ አልወጣም፤ አንድ መስመር፣ ቀጭን ሽቦ፣ በየክፍሉ አንድ መብራት፣ ለሬዲዮ አንድ ሶኬት። በኋላ በዚያው ሽቦ ላይ ምጣድ መጣበት፤ ምድጃ መጣበት፤ ፍሪጅ መጣበት።

አምፖል ደግሞ ታጋሽ ነው። ኮረንቲ ሲያንሰው ይፈዛል። ሲፈዝ ታየዋለህ፤ "ዛሬ ኃይል የለውም" ትላለህ። አይዋሽህም። ምጣዱም እንዲሁ ነው፤ ሲያንሰው እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ትጠብቃለህ። ሚዛን ግን ሲያንሰው አይፈዝም። ያንኑ የሚያምር ቁጥር፣ ያንኑ ሁለት ነጥብ ያለው ቁጥር፣ በልበ ሙሉነት ያሳይሃል። ልዩነቱ ይኼ ነው። ድካሙን የማይናገር ዕቃ ቤታችን ገብቷል፤ እኛ ግን አሁንም እንደ አምፖል ነው የምናየው።

በ2001 ዓ.ም. የነበረውን ፈረቃ የማያስታውስ የከተማ ሰው የለም። ቀኑን በሻማና በጄኔሬተር ነበር የምንቆጥረው። የዚያን ጊዜ ጥያቄ "አለ ወይስ የለም?" ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውሃ ፈስሷል፤ ብዙ ውሃም ተገድቧል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ኃይል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. አመነጨ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ የቆቃ 120 እጥፍ ገደማ። የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን የጋሼ ሚዛን የምትጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። "አለ ወይ?" አትልም። "ጸጥ ያለ ነው ወይ?" ነው የምትለው። ግድቡ የቱንም ያህል ቢሞላ በጋሼ ጓዳና በጋሼ ጠረጴዛ መሐል ያለውን አሥር ሜትር ቀጭን ሽቦ አያወፍረውም። ያ የባለቤቱ ሥራ ነው።

"አይ፣ ይኼ የድኻ ቤት ችግር ነው" የሚል አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልጨምርለት። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ኪሎግራም ማለት በፓሪስ አጠገብ ሴቭር በተባለ ቦታ የተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ቁራጭ ነበር። የዓለም ሚዛን ሁሉ የሚዳኘው በዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2019 ግን ያ ብረት ከሥልጣን ወረደ። ኪሎግራም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚተረጎመው ፕላንክ በሚባለው የተፈጥሮ ቁጥር ነው። ያንን ወደ እውነተኛ ክብደት ከሚያመጡት መሣሪያዎች አንዱ ደግሞ እንግሊዛዊው ብራያን ኪብል እ.ኤ.አ. በ1975 ያሰበው ሚዛን ነው። ይኼ ሚዛን በአንድ በኩል ክብደት፣ በሌላው በኩል የኤሌክትሪክ ጉልበት አድርጎ ያስተያያል። ሁለተኛው ሳህን ኮረንቲ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የጋሼ ጠረጴዛና የታላላቆቹ ቤተ ሙከራዎች ጭንቀት አንድ ነው፤ ክብደቱን የሚዳኘው ኮረንቲ ራሱ ማን ይዳኘው?

* * *

ከዚያች ሐሙስ በኋላ እኔና ጋሼ ሁለት ሳምንት ያህል ስንባዝን ከረምን። መጀመሪያ የመጣልን ስታቢላይዘር ነበር፤ ሰው ሁሉ ለቴሌቪዥኑ የሚገዛው። ተውሰን ሞከርነው። ስታቢላይዘር ለፍሪጅ ይበጅ ይሆናል፤ ለዚህች ሚዛን ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ውስጡ ያለው ማብሪያ "ቀጭ" እያለ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲዘል ሚዛኗ አብራ ትደነግጣለች። ቀጥሎ ዩፒኤስ የሚባለውን ሰው ነገረን። በርካሾቹ ዩፒኤሶች ላይ የማይነገር ነገር አለ፤ መብራት እስካለ ድረስ ብዙዎቹ የሶኬቱን ኮረንቲ እንዳለ ነው የሚያሳልፉት። ሥራቸው የሚጀምረው ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜም የሚሰጡት ሞገድ የተቆራረጠ ነው። ሁልጊዜ በባትሪ በኩል እያሳለፈ የሚያጠራው ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ከሚዛኗም፣ ከጠረጴዛውም፣ ምናልባት ከእኔም ይበልጣል።

መፍትሔው የመጣው ኤሌክትሮኒክስ ከሚጠግን የሠፈር ልጅ ነው። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። "ጋሼ፣ ለምን ከግድግዳው ጋር ታጣሏታላችሁ? ግድግዳውን ጨርሶ አታሳዩዋት" አለ።

ጋሼ ቻርጀር የገዙት ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ስላስቸገራቸው ነበር። እየደከመ የሚሄድ ባትሪ ድንጋይም እንደ ምጣዱ ሚዛኗን ያዋልላል። ልጁ ያደረገው ቀላል ነው። የሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አመጣ። ሚዛኗ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት ብቻ እንዲሰጥ አንዲት ማስተካከያ ሠራለት። ባትሪው ሌሊት ይሞላል፤ ጠዋት ቻርጀሩ ይነቀልና ሚዛኗ ከባትሪው ብቻ ትመገባለች። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ቢጣድ፣ መብራት ቢሄድ፣ ቢመጣ፣ እሷ አታውቅም። ከባትሪ የሚወጣ ኮረንቲ ሞገድ የለውም፤ እንደ ኩሬ ውሃ የረጋ ነው።

ሌላም ነገር አስተማረን። ሚዛን እንደበራ ወዲያው አይመዘንበትም፤ ውስጧ ሞቆ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለባት። ለዚህ ነው በሶኬት የምትሠራ ሚዛን መብራት በተቆራረጠ ቁጥር ከእንደገና የምትታወከው። ደግሞም መብራት ሲመለስ ልጆች "መጣ!" ብለው የሚጮሁባት ያቺ ቅጽበት ለስስ ዕቃ ከመጥፋቱ የከፋች ናት፤ የሠፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ኮረንቲው ይናወጣል። በመጨረሻም ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም መስመር በባለሙያ አስዘረጉለት። ይኼ ለሚዛኗ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ደኅንነት ነው፤ የሚግል ሽቦ እሳት ነውና። እትዬ ለዚህ መርቀውናል። እንጀራው ዓይኑ በዛ።

አንድ ነገር ግን ጋሼ ማንም ሳይመክራቸው ራሳቸው ጨመሩ። ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ከአባታቸው ሣጥን አንድ ጠገራ ብር አውጥተው ሚዛኗ ላይ ያኖራሉ። ጠገራው አርጅቷል፤ ትንሽ ተበልቷል። ስንት እንደሚመዝን አንድ ጊዜ በአባታቸው ሚዛን በጥንቃቄ መዝነው በደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፈውታል። ሚዛኗ ያንን ቁጥር ካላለች የዚያን ቀን ሥራ የለም።

"ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ለምን? ባትሪው አለ፣ መስመሩ ተለየ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የአባቴ ሚዛን ሲሳሳት ደንበኛውም ያየዋል" አሉኝ። "ዘንጉ ከጎበጠ ጎበጠ ነው። የዚች ስሕተት ግን ውስጧ ነው ያለው። ደንበኛዬ ሊያየው የማይችለውን እኔ ካላየሁለት ማን ሊያይለት ነው?"

ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። አባቶቻችን የገበያ ሚዛን ሲጠብቁ የሚጠብቁት የሚታይ ነገር ነበር፤ ሳህኑን፣ ገመዱን፣ ድንጋዩን። የእኛ ዘመን ሚዛን የሚዛባው በማይታይ ቦታ ነው፤ በሽቦ ውስጥ፣ በሶኬት ውስጥ፣ በጓዳ ውስጥ። አጭበርባሪ ሳይኖር ሰው ይጭበረበራል። ሌባ ሳይኖር ይሰረቃል። ጋሼን የመሰለ ቅን ሰው ደግሞ ምንም ሳይነካ ሌባ ይመስላል። የሥጋ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የጤና ጣቢያው የሕፃናት ሚዛን ስንቱ ከምን ጋር ተሰክቶ እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ቁጥሩ በሁለት ነጥብ ስለተጻፈ ብቻ እናምነዋለን።

ሴትየዋ በቀጠሯቸው ቀን ተመለሱ። እሱም ሐሙስ ሆነ። ከጓዳ "ጭሽሽ" ይሰማል። ጋሼ ቀለበቱንና የጆሮ ጌጡን አቀረቡ፤ የተረፈችውን ቁራጭ ወርቅም ጨምረው ሚዛኗ ላይ አኖሩ። ቁጥሯ ወጣች፤ ቆመች፤ አልተነቃነቀችም። ለጥንቃቄ ደግሞ የአባታቸውን ሚዛን ከጎኗ አቁመው በዚያም መዘኑት። ሁለቱም ተስማሙ።

ሴትየዋ ግን ቁጥሯን አላዩዋትም። ዓይናቸው የተተከለው በናሷ መርፌ ላይ ነበር። እሷ መሐል ላይ ስትቆም ነው "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው መሐረባቸውን የቋጠሩት።